የማታ ተማሪ ሰዓቱን ከየት ያመጣል?

ሰኔ ለማታ ተማሪ ከባድ ወር ነው። የአገሪቱ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ማጠቃለያ ፈተናም በብዙ ኮሌጆች የሚውለው በዚያው ሰሞን ነው። ሂሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው ቀን የመጋዘን ዕቃ ሲያስቆጥር፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ዝርዝር ሲያመሳክር ውሎ ማታ ፈተና ይቀመጣል። ግዥ ክፍል ያለው በጀቱ ሳይዘጋ ያልተጠናቀቁ ግዥዎችን ለመጨረስ ሲሯሯጥ ይመሽበታል። ባንክ ያለው የቀኑን ሂሳብ ሳይዘጋ ከመስኮቱ አይነሳም። ይህን ግጥምጥሞሽ ሆን ብሎ ያመጣው ሰው የለም፤ ግን በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱም አንዳንዱ ተማሪ ኮርስ የሚጥለው በዚሁ ወር ነው።

እኔ አካውንቲንግ የተማርኩት በማታው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ቀን ቀን ሳሪስ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል እየሠራሁ። ኮሌጁ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም አይርቅም። ቤታችን ጦር ኃይሎች ነው። ዛሬም በሙያው ላይ ነኝ፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ወጣቶች ሁለቱ የማታ ተማሪዎች ናቸው። ሥራንና ትምህርትን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል ወይ እያሉ የሚጠይቁኝም አይጠፉም። አብዛኞቹ የሚጠብቁት ስለ ሰዓት አጠቃቀም የሚሰጥ ምክር ነው፤ ሌሊት ተነሺ፣ ስልክሽን ዝጊ፣ ፕሮግራም አውጪና ግድግዳ ላይ ለጥፊ የሚል። ምክሩ አይከፋም። ሆኖም ሰው ከራሱ ጋር ተስማምቶ የሚያገኘው ሰዓት ጥቂት ነው። የሚሠራ ተማሪ ሰዓት በአብዛኛው በሌላ ሰው እጅ ነው ያለው፤ በአለቃው፣ በባልደረባው፣ በእናቱ፣ በሚስቱ ወይም በባሏ፣ በክፍል ጓደኞቹ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አስቀድሞ ያልተነጋገረ ተማሪ የቱንም ያህል ሌሊት ቢነሳ ጊዜው አይበቃውም።

እስቲ ሳምንቱን እንቁጠረው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በግል ድርጅት የምንሠራ ብዙዎቻችን ይህንኑ 48 ሰዓት እንሞላለን። እያንዳንዳቸው ሦስት ክሬዲት አወር የሆኑ አራት ኮርሶች የያዘ ተማሪ በሳምንት 12 ሰዓት ክፍል ይቀመጣል። መምህራን ደጋግመው እንደሚነግሩን ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ካስፈለገ 24 ሰዓት ይጨመራል። እስካሁን 84 ሰዓት፣ የሳምንቱ እኩሌታ ማለት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ለሚተኛ ሰው 49 ሰዓት ይቀነሳል። መንገድ በቀን ሦስት ሰዓት ከወሰደ፣ በስድስት ቀን 18 ሰዓት ሄደ። የቀረው 17 ሰዓት ነው። ሰው የሚበላውም፣ ልብሱን የሚያጥበውም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሄደውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም፣ ልጅ ካለው ልጁን የሚያጫውተውም በዚህ 17 ሰዓት ውስጥ ነው።

ቁጥሩን ያስቀመጥኩት ለማስፈራራት አይደለም። ትርፍ የሚባል ሰዓት እንደሌለ ከታወቀ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ አንድ ቀን የተጨማሪ ሰዓት ሥራ ወይም ዝናብ ያመጣው የትራንስፖርት ችግር ሳምንቱን ሙሉ ያናጋዋል። ስለዚህ ጥያቄው እንዴት ልቻለው ከማለት ተነስቶ የትኛውን ሰዓት ከማን ጋር ልነጋገርበት ወደሚለው መምጣት አለበት።

ለማነጻጸር ያህል፣ ቨርጂኒያ የምትማር የአክስቴ ልጅ አለች። በአሜሪካ ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። ሃያው ሰዓት የሚያስገኘው ገንዘብ እንደማይበቃት ትነግረኛለች፤ ችግሯ እውነተኛ ነው። ቢሆንም እዚያ ሕጉ ሥራውን በትምህርቱ ልክ ይገድበዋል። እኛ ዘንድ ትምህርቱ ነው ከ48ቱ ሰዓት ኋላ የሚቀጠለው።

እንዲህ ከሥራ ኋላ የሚቀጠል የማታ ትምህርት በአዲስ አበባ የቆየ ነገር ነው። ሰንጋ ተራ ያለው ኮሜርስ የሚባለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፍቶ ለአገሪቱ መሥሪያ ቤቶች ጸሐፊና የሂሳብ ሠራተኛ ሲያፈራ ኖሯል። በ1954 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የተመረቀው ዩኒቨርሲቲም ለሠራተኞች የኤክስቴንሽን ትምህርት ነበረው። በእኔ ክፍል የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ የክሊኒክ ነርስ፣ ከመርካቶ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ ነጋዴ ነበሩ። ከሁሉም የማልረሳቸው ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ አንድ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በድሮው ዲፕሎማቸው ለብዙ ዓመታት በሂሳብ ሠርተዋል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ድርጅቶች በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ እኛ አይኤፍአርኤስ በምንለው፣ ሂሳባቸውን ማቅረብ ሲጠበቅባቸው፣ «የማላውቀውን ወረቀት አልፈርምም» ብለው እንደገና ተማሪ ሆኑ። እሳቸው ቀረጥና ታክስ ያስረዱናል፣ እኛ ኤክሴል እናሳያቸዋለን። የማታ ክፍል እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ነው፤ መምህሩ አንድ ብቻ አይደለም።

ወደ አለቃ ጉዳይ ልመለስ፤ ብዙው ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው።

ሠራተኛ ሲማር ፈቃድ ይሰጠዋል ወይ ለሚለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ራሱ የቀን ቁጥር አያስቀምጥም። የትምህርትና የሥልጠና ፈቃድ አሰጣጥ፣ የሚደረገውም የገንዘብ ድጋፍ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሊወሰን እንደሚችል ብቻ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ከመመዝገቡ በፊት ማንበብ ያለበት የመጀመሪያ ጽሑፍ የድርጅቱ የሥራ ደንብ ነው። የእኛ ደንብ ሰው ኃይል ክፍል መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቀጭን ጥራዝ ነበር። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ለፈተና ቀን ከነክፍያው ፈቃድ እንደሚሰጥ የሚናገር አንድ መስመር አገኘሁ። ከእኔ በፊት በዚያ መስመር የተጠቀመ ሰው ስለመኖሩ የሰው ኃይል ሠራተኛዋም አታስታውስም።

ከፈተናው ቀን ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን የየዕለቱ መውጫ ሰዓት ነበር። ክፍል የሚጀምረው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤ ከቢሮ የምንወጣውም አሥራ አንድ ተኩል። ምዝገባው ከመድረሱ በፊት የትምህርት ፕሮግራሙን በወረቀት ይዤ የሂሳብ ክፍላችን ኃላፊ ጋ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ትምህርቱ በሳምንት አራት ቀን ነው። በእነዚህ አራት ቀናት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ልውጣና ጠዋት አንድ ሰዓት ልግባ።»

«ልጄ፣ ለአንቺ ፈቅጄ ነገ ሌላው ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?»

«እኔ የምሠራው የባንክ ማመሳከሪያና የደመወዝ ዝርዝር ነው፤ ሁለቱም ጠዋት ቢሠሩ ይሻላል፣ ደንበኛ አይበዛም። የወሩ መዝጊያ ሲደርስ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓትም እገኛለሁ። ሥራው ከተጓደለ ያን ጊዜ ይከልክሉኝ።»

ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። «በጽሑፍ አምጪው። ሦስት ወር እንየው» አሉኝ። ሦስት ወሩ አለፈና ነገሩ የተለመደ ሆነ።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ምክንያት አለኝ። ብዙ ወጣቶች አለቃቸውን የሚያናግሩት ትምህርቱ ከተጀመረ፣ ማርፈድና ሹልክ ብሎ መውጣት ከተጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ልመና ይሆናል። ቀደም ብሎ፣ የሚጎድለውን ሰዓት በምን እንደሚተኩ ይዘው ሲገቡ ግን የሥራ ውይይት ነው። ኃላፊም ሰው ነው፤ የሚፈራው ሥራው እንዳይበደልና ሌሎች ሠራተኞች እንዳያኮርፉ ነው። ለሁለቱም መልስ ይዞ ለመጣ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። እምቢ የሚል የለም አልልም፤ አለ። እንዲያ የሚሉ ኃላፊዎችን አውቃለሁ፣ በዚህም ምክንያት ሥራ የቀየሩ ጓደኞች አሉኝ፣ ልክ ነበሩም እላለሁ።

አዋጁ የሚሰጠውን መብት ማወቅም ይጠቅማል። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የዓመት እረፍት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። አሠሪው ከተስማማ እረፍቱን ከፋፍሎ መውሰድ ይቻላል። የእረፍት ፕሮግራም ሲወጣም በተቻለ መጠን የሠራተኛው ፍላጎት እንዲታይ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ የፈተናውን ሳምንት አስቀድሞ ማስመዝገብ ነው። ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ሥራ በዘፈቀደ እንዲሠራ አይገደድም፤ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሰው መተካት ሲያስፈልግ የሚታዘዝ ነው። በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥም የለበትም። ይህን ለጠብ ይዞ መቅረብ አይበጅም። ግን ሁልጊዜ ማታ ማታ «ዛሬ አምሺ» የሚባል ተማሪ ወሰኑ የት እንደሆነ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ሰኔን በተመለከተ እኔን ያዳነኝ የባንክና የአቅራቢዎችን ሂሳብ በየወሩ ጨርሶ መዝጋት ነው። በብዙ ቢሮዎች ሰኔ የሚከብደው ከሐምሌ ጀምሮ የተጠራቀመው ልዩነት በአንድ ወር ውስጥ ስለሚፈለግ ነው። ወር በወር የተዘጋ ሂሳብ ሰኔ ላይ ቆጠራና ማስተካከያ ብቻ ይቀረዋል። ከባልደረባዬም ጋር ተስማምተን ነበር፤ እሷ ልጇን ለማስከተብ ወይም ለትምህርት ቤት ስብሰባ ስትሄድ የእሷን ሰነድ እኔ እይዛለሁ፣ በፈተና ቀኖቼ እሷ የእኔን ትይዛለች። ማን ስንት ቀን እንደያዘ ቆጥረን አናውቅም።

ቀጥሎ መንገድ አለ። የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች ሜክሲኮ ላይ በአንድ ሐዲድ ያልፋሉ፤ ከሳሪስ በሰሜን ደቡቡ መስመር መጥቼ ማታ በምሥራቅ ምዕራቡ ወደ ጦር ኃይሎች መመለስ እችል ነበር። ሲሞላ ሚኒባስ፣ እሱም ሲጠፋ ሰልፍ። መንገዱን ለጥናት መጠቀም ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፣ ግን የሚቻለውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ቆሞ የሚሄድ ሰው አዲስ ነገር አይማርም፤ ያነበበውን ግን ማስታወስ ይችላል። ቁራጭ ወረቀት ላይ በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው መልስ እየጻፍኩ ኪሴ እይዝ ነበር። ከቢሮ ወደ ክፍል ስሄድ በአምስት ስድስቱ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያቃተኝን ለይቼ ወደ ሌላው ኪስ አዛውራለሁ።

ማታ የሚመለስ ሰው መንገድ ግን ከጥናት በፊት የደህንነት ጉዳይ ነው፤ በተለይ ለሴት። ክፍል የሚያልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። በር ላይ ሳምቡሳ የሚሸጡት ልጆች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው፣ የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው፣ ክረምት ከሆነ ጭቃውና ጨለማው ይጨመራል። በእኛ አቅጣጫ የምንሄድ ሴቶች ተሰባስበን ስልክ ተለዋወጥን። አንድ ላይ እንሰለፋለን። ሰልፉ ካልሄደ ገንዘብ አዋጥተን ኮንትራት እንይዛለን። መጨረሻ የምትወርደው ቤት ስትገባ ለሁላችንም ትደውላለች። ይህን ያደረግነው ሁለት ልጆች መንገዱን ፈርተው ትምህርት ለማቋረጥ ካሰቡ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ተመርቀዋል። ማታ የሚያስተምሩ ኮሌጆች የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሲያቅዱ የተማሪውን መመለሻ ቢያስቡ፣ ቢያንስ ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን መብራት ቢያሟሉ፣ ብዙ ሴት ተማሪ ትምህርት ከማቋረጥ ይድን ነበር። ይህ የበጀት ጥያቄ ነው የሚሉኝን ሰዎች አልቀበልም። የአምፖል ዋጋ ነው።

ቤት ደግሞ ሌላ ድርድር አለ። ወንድ ተማሪ ከሥራ መልስ ተምሮ ሲገባ ራት ይቀርብለታል፤ ሴቷ ስትገባ ያልታጠበ ዕቃ ይጠብቃታል። በሁሉም ቤት እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ በብዙው ግን ነው። እኛ ቤት እማዬን ቁጭ አድርጌ የሳምንቱን ፕሮግራም አሳየኋት። ማንበብ ብዙም አትወድም፤ በጣቷ እየተከተለች «ይሄስ? ይሄስ?» እያለች ጠየቀችኝ። ከዚያ ወንድሜን ጠርታ የማታውን ዕቃ አጠባ ለእሱ ሰጠችው። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ አጥባለሁ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጥ እሠራለሁ።

ለቅሶና ሰርግ ከሁሉም ይከብዳል። የሰፈር ለቅሶ የቀረ ሰው ነገ በራሱ ቤት ሰው እንደሚቀርበት ያውቃል። በፈተና ሰሞን ቀብር ላይ ካልደረስኩ በሠልስት ወይም በቀጣዩ እሁድ እሄዳለሁ፤ በዕድሩ እማዬ ትወክለኛለች። ጎረቤት ሲጠይቃት «ፈተና ላይ ናት» ትላለች። ይህን በኩራት ስትናገር ስሰማ ሰፈሩም ይቀበለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ተቀብሎታልም። አንድ ጊዜ እንዲያውም የሞተባቸው ሴትዮ ራሳቸው «ፈተናው እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለ ጥናቱ ራሱ አጭር ልሁን፤ የሚታወቅ ነገር ነው። በተለያየ ቀን ተከፋፍሎ የተጠና ትምህርት በአንድ ሌሊት ከታጨቀው የበለጠ ይቆያል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮም ያነበበውን አይዝም። ፈተና ዋዜማ እስኪነጋ የሚያጠና ተማሪ ጠዋት ቢሮ፣ ማታ ፈተና አለበት፤ ያ ሌሊት ሁለቱንም ይጎዳበታል። ላተኩርበት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ሥራውና ትምህርቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ቢሮ የዋለው ሰዓት ግማሹ ጥናት ይሆናል።

አንድ ቀን መምህሩ የባንክ ማመሳከሪያ ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አሰመረ፤ በመዝገባችን ያለው ገንዘብና በባንኩ መግለጫ ያለው ገንዘብ። ሁለቱ አይገናኙም፤ ለምን? ክፍሉ ዝም አለ። እኔ ያን ጠዋት ይህንኑ ስሠራ ነው የዋልኩት። ለአንድ አቅራቢ ቼክ ጽፈን ሰጥተነዋል፤ ከእኛ መዝገብ ተቀንሷል፤ አቅራቢው ግን ገና ባንክ አልሄደም፣ ስለዚህ ባንኩ አያውቀውም። በሌላ በኩል ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ቆርጧል፤ መግለጫው እስኪመጣ ድረስ እኛ አናውቅም። የመጀመሪያው በባንኩ በኩል ይቀነሳል፣ ሁለተኛው በእኛ በኩል። ይህን ቆሜ ሳስረዳ መጽሐፉ ላይ ያለው ረጅም ርዕስ በእጄ የያዝኳቸው ሁለት ወረቀቶች እንደሆነ ለራሴም ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ከዚያ በኋላ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ አንድ ነገር ስመዘግብ ይህ የትኛው ኮርስ ውስጥ አለ እያልኩ እጠይቅ ነበር። ነርሷም እንዲህ ታደርግ ነበር፤ የወጪ ሂሳብ ስንማር የክሊኒኩን የመድኃኒት መጋዘን በምሳሌነት ታመጣለች። እኔን የሚጠይቁኝ ወጣቶች ሁለት ሥራ ቀርቦላቸው ሲያማርጡ፣ ትንሽ ደመወዝ ቢቀንስም ከሚማሩት ጋር የሚገናኘውን እንዲይዙ የምመክራቸው ለዚህ ነው።

የኮርስ ብዛትም በደንብ መታሰብ አለበት። ቶሎ ለመጨረስ ሲሉ የተፈቀደውን ሁሉ የሚመዘገቡ አሉ። ውጤቱ ከ2.00 ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከዚያም መባረር፣ ከዚያም እንደገና ለመግባት ማመልከቻ። አንድ ኮርስ በጊዜው ድሮፕ ማድረግ ነውር የለበትም፤ ከመውደቅ ይሻላል። ሆኖም ቅድመ ሁኔታ የሆነ ኮርስ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማታው ፕሮግራም አንዳንድ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል፤ እሱን የጣለ ሰው ተከታዩን መውሰድ ስለማይችል አንድ ዓመት ሙሉ ወደኋላ ይቀራል። ድሮፕ ለማድረግ ከመፈረም በፊት የአራቱንም ዓመት የኮርስ ዝርዝር ዘርግቶ የትኛው ከየትኛው እንደሚያያዝ ማየት ነው።

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ መደበኛ ተማሪ ለዓመታት በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ውል ፈርሞ ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ሲከፍል ቆይቷል። የማታ ተማሪ ግን በየመንፈቅ ዓመቱ በክሬዲት አወር እያሰላ ከኪሱ አስቀድሞ ይከፍላል። አሠሪ የሚከፍልለት ካለ ተመርቆ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ቢለቅ ምን ያህል እንደሚመልስ የሚናገር ውል ያስፈርመዋል። ውሉን ከመፈረም በፊት ማንበብ፣ ያልገባውን መጠየቅ፣ አንድ ቅጂም ቤት ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

መደበኛውም ተማሪ ቢሆን እየሠራ የሚማር ብዙ ነው። አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ የሚማር የአጎቴ ልጅ ማታ ማታ ቦሌ እየሄደ ሒሳብና ፊዚክስ ያስጠናል። ክፍያው ኪሱን ይደጉመዋል። የእሱ ችግር ከእኛ ይለያል፤ የልጆቹ ፈተናና የእሱ ፈተና አንድ ሰሞን ይውላሉ፣ ወላጆች ደግሞ በዚያ ሰሞን ተጨማሪ ቀን ይጠይቁታል። ያደረገው ነገር ጥሩ ነው፤ ሲጀምር ለወላጆቹ የራሱን የፈተና ሳምንታት ነግሮ፣ ለእነዚያ ሳምንታት የሚተካ የክፍል ጓደኛውን አስተዋውቋቸዋል። ወላጆቹ ደስ አላቸው፣ ልጆቹም ሁለት አስጠኚ አገኙ።

በመጨረሻ የመውጫ ፈተናው አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ በመንግሥትም በግልም ተቋም ቢማር፣ ቀንም ይማር ማታ፣ ለመመረቅ በዚህ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ለማታ ተማሪ ይህ ተጨማሪ ጭነት ነው፤ አንደኛ ዓመት የተማረውን ከብዙ ዓመት በኋላ ይጠየቃል። በሌላ በኩል ግን የማታ ተማሪ ያንን ትምህርት በየቀኑ ሲሠራበት ከርሟል። ቢሮ ያሉት ሁለቱ ልጆች ዘንድሮ ተፈታኝ ናቸው። ከአሥር የሚበልጡ የክፍል ጓደኞቻቸውን አሰባስበው እሁድ እሁድ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይገናኛሉ፤ ኮርሶቹን ተከፋፍለዋል፣ እያንዳንዱ የደረሰውን አንብቦ ለሌሎቹ ያስረዳል። የባንክ ማመሳከሪያና ኦዲት የሚደርስበትን እሁድ እኔ እንድመጣ ጠይቀውኛል። ከወንድሜ ጋር ተነጋግረናል፤ ያን ቀን ወጥ የሚሠራው እሱ ነው።